ዋይፋይ በሊኑክስ ላይ፦ የድራይቨሮች ጥንተ ነገርና የዛሬው ይዞታ

በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ገመድ አልባውን ኔትዎርክ አልይዝ ሲል፣ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ወይ የራሱን ዕውቀት ማነስ ወይ የሊኑክስን አለመብሰል ነው፤ ሻጩም ጓደኛውም ይህንኑ ጥርጣሬ ያጸኑበታልና፣ ብዙ ጊዜ የነገሩ ፍጻሜ ወደ ዊንዶውስ መመለስ ይሆናል። ነገር ግን ካለፈው ሩብ ምእት ዓመት ጀምሮ የሆነውን በቅደም ተከተል ለመረመረ ሰው፣ ጥፋቱ ከሁለቱም ዘንድ እንዳልነበረ ይገለጥለታል። ጥያቄው ከጥንት አንሥቶ የዕውቀት ባለቤትነት ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም ቺፑን የሠራው ኩባንያ የቺፑን ጠባይና ሥርዓት የሚያስረዳውን ጽሑፍ ገልጦ ሰጠ ወይስ ሸሸገ፣ ድራይቨሩስ ከርነል ወደሚባለው የሊኑክስ ማእከላዊ ፕሮግራም የምንጭ መዝገብ ገብቶ ከከርነሉ ጋር አብሮ አደገ ወይስ በውጭ ቀርቶ አረጀ የሚል ነው። በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲብራራ ክፍሎቹን አስቀድሞ መለየት ይገባል። በላፕቶፑ ውስጥ የተሰካችው ትንሽ ካርድ፣ ወይም በዩኤስቢ በኩል የምትሰካው፣ የሬዲዮ ሞገድ የሚልክና የሚቀበል ቺፕ ይዛለች። ይህን ቺፕ እያዘዘ የሚያሠራው፣ በከርነሉ ውስጥ የሚኖረው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ፈርምዌር የሚባለው ግን ከድራይቨሩ የተለየ ነው፤ የሚሠራው በኮምፒዩተሩ ዋና ፕሮሰሰር ላይ ሳይሆን በካርዷ ውስጥ ባለው አነስተኛ ፕሮሰሰር ላይ ነው፤ አምራቾቹም ወጪ ለመቈጠብ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ በካርዷ ላይ አትመው ስለማያስቀምጡት፣ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቍጥር ድራይቨሩ ከዲስኩ አንሥቶ ሊጭንላት ያስፈልጋል። ከእነዚህ በላይ ደግሞ፣ ተጠቃሚው የሚያስገባውን የይለፍ ቃል ተቀብሎ ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው አክሰስ ፖይንት ጋር የምሥጢር ቍልፍ የሚለዋወጠው ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት፣ ከእርሱም በላይ የኔትዎርኮቹን ስም በማያ ገጹ ላይ ዘርዝሮ የሚያሳየው ኔትዎርክ ማኔጀር አለ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ቢጐድል ለዓይን የሚታየው ምልክት ያው አንድ ነው፤ ዋይፋይ የለም የሚል። ብዙ ሰው የሚደናገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

802.11 የተባለው ደንብ በ1997 ሲወጣ የሚፈቅደው ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜጋቢት ብቻ ነበር፤ ገመድ አልባውን መገናኛ ወደ ቤትና ወደ ቢሮ ያስገባው ፍጥነቱን ወደ 11 ሜጋቢት ከፍ ያደረገው የ1999ኙ 802.11ቢ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ካርዶች በጥቂት ቺፖች ላይ የቆሙ ሲሆኑ፣ የሉሰንቱ ኦሪኖኮና የኢንተርሲሉ ፕሪዝም ከሁሉ የታወቁ ነበሩ፤ የመገናኛውም ሥራ አብዛኛው በካርዱ ፈርምዌር ውስጥ ያልቅ ስለ ነበር፣ ድራይቨሩ አጭርና ለመጻፍ የማያስቸግር ነበር። በኤችፒ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዣን ቱሪል ዋየርለስ ኤክስቴንሽንስ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጅቶ፣ ማንኛውም ፕሮግራም ማንኛውንም ካርድ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ እንዲያናግር መንገድ ጠረገ። ፊንላንዳዊው ዩኒ ማሊነንም ለፕሪዝም ካርዶች ሆስትኤፒ የተባለውን ድራይቨር ጽፎ ተራውን ኮምፒዩተር አክሰስ ፖይንት አደረገው፤ ዛሬ በሊኑክስም በአንድሮይድም ላይ የሚሠራው ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት የዚሁ ሰው ሥራ ነው። እንግዲህ መነሻው መልካም ነበር፤ ክፉው ዘመን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የክፉው ዘመን ምክንያት ርካሽነት ነው። ገበያው ሲሰፋ አምራቾች ቺፑን ለማርከስ ሲሉ፣ በካርዱ ውስጥ ይከናወን የነበረውን ሥራ እያወጡ ወደ ኮምፒዩተሩ ዋና ፕሮሰሰር አዛወሩት፤ ስለዚህ ድራይቨሩ ወፈረ፣ ቀድሞ በቺፑ ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው ምሥጢርም ወደ ሶፍትዌሩ መጣ። ኩባንያዎቹ ይህ ምሥጢር እንዳይገለጥ የሚያቀርቡት ምክንያት ሁለት ነበር፤ አንደኛው የተወዳዳሪዎችና የፓተንት ፍርሃት፣ ሁለተኛው የሬዲዮ ሕግ ነው፤ ድራይቨሩ ከተገለጠ ማንም ሰው የሞገዱን ኃይልና ቻነል ከተፈቀደው አሳልፎ ይለውጠዋል፣ ተጠያቂዎቹ እኛ እንሆናለን ይሉ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ፍጹም ከንቱ ባይሆንም፣ ለመጀመሪያው መሸፈኛ ሆኖ ማገልገሉን ግን መካድ አይቻልም።

ኢንቴል በመጋቢት 2003 ሴንትሪኖ የሚል ስም ሰጥቶ ባወጣቸው ላፕቶፖች ውስጥ የነበረው ዋይፋይ ለሊኑክስ ድራይቨር አልነበረውም፤ ያን የሚያህል ማስታወቂያ የተነገረለት ምርት በሊኑክስ ላይ ድዳ ሆኖ መቅረቱ ታላቅ ቅሬታ አስነሣ፤ ኩባንያውም በ2004 አይፒደብሊው2100 የተባለውን ድራይቨር ከነምንጭ ኮዱ ገልጦ ሰጠ። ፈርምዌሩ ግን ዝግ ሆኖ ቀረ፤ ማባዛቱና ማደሉ ብቻ ተፈቀደ። ልብ በሉ፤ በኋላ ዓለም ሁሉ የተስማማበት የእርቅ ውል፣ ድራይቨሩ ክፍት ፈርምዌሩ ዝግ የሚለው፣ አስቀድሞ በዚህ ቅርጹን ይዞ ነበር። በ2006 ለወጣው 3945 ለተባለው ካርድ ደግሞ ኢንቴል ሌላ ነገር ጨመረ፤ የሬዲዮውን ሕግ የሚጠብቅ፣ ምንጩ የማይታይ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ በሙሉ ሥልጣን የሚሮጥ የተለየ ፕሮግራም አብሮ እንዲሠራ አስገደደ። ማንነቱ ያልታወቀ ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን ማሠራት የሊኑክስን ሰዎች ስላሳዘነ፣ በ2007 የተጀመረው አዲሱ ድራይቨር ያን ፕሮግራም አስቀረው፤ እርሱም አይደብሊውኤልዋይፋይ በሚል ስም እስከ ዛሬ የኢንቴልን አዳዲስ ካርዶች ያሠራል።

ሌሎቹ ኩባንያዎች ዝም ባሉበት ሰዓት፣ ችግር የወለደው ብልሃት መጣ። ፖንቱስ ፉክስ በ2003 የጀመረው ኤንዲአይኤስራፐር የሚባለው ፕሮግራም፣ ለዊንዶውስ የተጻፈውን ድራይቨር እንዳለ ወስዶ፣ በዊንዶውስ ውስጥ ያለ እስኪመስለው ድረስ የሚጠይቀውን ሁሉ እየመለሰለት፣ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያሠራው ነበር። ሺህዎች በዚህ ተጠቅመዋልና ማቃለል አይገባም፤ ግን ዕዳው ከባድ ነበር። ማንም ሊያነበው የማይችል ኮድ በከርነሉ ልብ ውስጥ ስለሚገባ፣ ኮምፒዩተሩ ሲወድቅ ምክንያቱን መርምሮ ማግኘት አይቻልም፤ ደግሞም የዊንዶውሱ ድራይቨር የተጻፈው ለኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር በመሆኑ፣ በፓወርፒሲ ፕሮሰሰር የሚሠሩት የዚያ ዘመን የአፕል ላፕቶፖች ከነጭራሹ አይጠቀሙበትም ነበር። ከሁሉም የሚከፋው፣ አምራቾቹ ሥራው ያለ እነርሱ እንደ ሆነ ቈጥረው ይበልጥ እንዲዘናጉ ምክንያት መሆኑ ነው።

በአፕሎቹ ውስጥ የነበረው የብሮድኮም ቺፕ ነበር፤ የብሮድኮምም ነገር ከሌሎቹ ሁሉ ረዘም አድርጎ ሊነገር ይገባዋል። ሊንክሲስ በታኅሣሥ 2002 ደብሊውአርቲ54ጂ የተባለውን የቤት ራውተር አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ሰዎች መርምረው ሲያዩ ራውተሩ ውስጡ ሊኑክስ ሆኖ ተገኘ። ሊኑክስ የሚታደልበት የጂፒኤል ፈቃድ፣ ፕሮግራሙን ለሌላው የሚያስተላልፍ ሁሉ ምንጩንም አብሮ እንዲሰጥ ግዴታ ይጥላልና፣ ኩባንያው በብዙ ግፊት በ2003 ምንጩን ገለጠ። ከዚያ ምንጭ በ2004 ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው የራውተር ሥርዓት ተወለደ። ነገር ግን በተገለጠው ምንጭ መካከል አንድ ክፍል ተዘግቶ ቀርቶ ነበር፤ እርሱም የብሮድኮም ዋይፋይ ድራይቨር ነው፤ በማሽን ቋንቋ ብቻ እንጂ ሰው በሚያነበው መልክ አልተሰጠም።

የበጎ ፈቃድ ሠራተኞቹ ታዲያ ያን የታተመ ድራይቨር ይዘው ምርመራ ጀመሩ። ሥራቸው ከሕግ ነቀፋ የነጻ እንዲሆን ራሳቸውን በሁለት ማኅበር ከፈሉ፤ አንደኛው ማኅበር የብሮድኮምን ኮድ ፈትቶ እየመረመረ፣ ቺፑ ምን ሲባል ምን እንደሚያደርግ በተራ ቋንቋ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ማኅበር የብሮድኮምን ኮድ ከቶ ሳያይ፣ የተጻፈለትን መግለጫ ብቻ አንብቦ አዲስ ድራይቨር ይሠራል። በዚህ ሥርዓት የተሠራው ቢሲኤም43ኤክስኤክስ የተባለው ድራይቨር በሰኔ 2006 በወጣው 2.6.17 ከርነል ውስጥ ገባ፤ በጥር 2008 ደግሞ ቢ43 በሚባለው ተተካ። ኩባንያው በጥቂት ገጾች ሊያስረዳው ይችል የነበረውን ነገር፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች በጨለማ እየዳሰሱ ለማግኘት ዓመታት ፈጀባቸው፤ እኔ በኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ ከማውቃቸው ትዕግሥቶች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ሥራውም ቢሆን ምሉዕ አልሆነም፤ ብሮድኮም ፈርምዌሩን ማደል አልፈቀደም ነበርና፣ ተጠቃሚው ራሱ የኩባንያውን ድራይቨር አውርዶ፣ ፈርምዌሩን በልዩ መሣሪያ ከውስጡ ቈርጦ ማውጣት ነበረበት። ብሮድኮም ልቡን ያራራው በመስከረም 2010 ነው፤ ያን ጊዜ ለአዳዲሶቹ ቺፖቹ ከነምንጩ ድራይቨር አወጣ፤ ዛሬ ራዝበሪ ፓይ በተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ዋይፋይ የሚሠራው ከዚያ ወገን በወረደው ድራይቨር ነው።

የአቴሮስ ታሪክ ከዚህ ይለያል። የዚህ ኩባንያ ቺፖች ማድዋይፋይ የተባለ ድራይቨር ነበራቸው፤ ነገር ግን ከድራይቨሩ ሥር ሃል የሚባል የተዘጋ ክፍል ተቀምጦ ነበር፤ ቺፑን የሚነካው እርሱ ብቻ ነው። ኦፕንቢኤስዲ በተባለው ሌላ ክፍት ሥርዓት ላይ ይሠራ የነበረው ሬይክ ፍሎይተር ይህን የተዘጋ ክፍል መርምሮ በክፍት ኮድ ተካው፤ ሥራውም ወደ ሊኑክስ ሲሻገር በ2007 የፈቃድና የደራሲነት ክርክር ተነሥቶ፣ ወንድማማች የሆኑትን ሁለት ማኅበራት እጅግ አቀያየመ። ክርክሩ በሕግ ሰዎች ምክር ከበረደ በኋላ አትኤች5ኬ የተባለው ድራይቨር በ2008 በ2.6.25 ከርነል ገባ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ራሱ ከሊኑክስ የዋይፋይ ደራሲዎች አንዱን ሉዊስ ሮድሪገዝን ቀጥሮ፣ ለአዲሶቹ ቺፖቹ አትኤች9ኬ የተባለውን ፍጹም ክፍት ድራይቨር በሐምሌ ወር አቀረበ፤ በመስከረምም የቀድሞውን ሃል ምንጭ ገለጠ። አትኤች9ኬ የሚያሠራቸው የውስጥ ካርዶች ከዲስክ የሚጫን ፈርምዌር ከነጭራሹ አይፈልጉም። ስለዚህ ከዋይፋይ ካርዶች ሁሉ እስከ ዛሬ በሊኑክስ ሰዎች ዘንድ በፍቅር የሚነሡት እነዚህ ናቸው፤ ሬዲዮውን ሕግ አልባ አድርገውታል የሚል ክስም እኔ አልሰማሁም፤ የምሥጢር ጠባቂዎቹ ፍርሃት የተጋነነ እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልሻም።

እስከ 2007 ድረስ ግን አብዛኛው ድራይቨር የመገናኛውን ሥርዓት ከሥር ጀምሮ ለብቻው ይጽፍ ነበር፤ ይህም የድካም ሁሉ ምንጭ ሆኖ ነበር። ዴቫይስስኬፕ የተባለው ኩባንያ ለራሱ የሠራውን የዋይፋይ ሥርዓት በጂፒኤል ፈቃድ ለሕዝብ ሰጠ፤ ሥራው ታርሞና ተቃንቶ ማክ80211 በሚል ስም በሐምሌ 2007 በ2.6.22 ከርነል ውስጥ ገባ፤ ዮሐንስ ቤርግም ለብዙ ዓመት አሳደገው። ከዚያ ወዲህ የድራይቨር ጸሐፊ የሚጽፈው የቺፑን ልዩ ጠባይ ብቻ ነው፤ የቀረው ለሁሉ የጋራ ነው። የዛሬው ሰላም የቆመው በዚህ ብዙ ሰው በማያውቀው ሥራ ላይ ነው ብል አላጋነንሁም።

ሰላሙ ያልደረሰበት አገር ግን ነበረ፤ እርሱም የርካሾቹ የዩኤስቢ ካርዶች አገር ነው። ሪልቴክ ለእነዚህ ካርዶች የሊኑክስ ድራይቨር ከነምንጩ ይሰጥ ነበር፤ ስለዚህ ኩባንያውን ሸሸገ ብሎ መክሰስ አይቻልም። ነገር ግን ድራይቨሩ የተጻፈው በማክ80211 ላይ ሳይሆን በራሱ መንገድ ስለ ነበር ወደ ከርነሉ ሊገባ አልቻለም። የሊኑክስ ከርነል ደግሞ ለውጭ ፕሮግራሞች የሚገባውን ቃል አይለውጥም እንጂ፣ በውስጡ ክፍሎች መካከል ያለውን ስምምነት በየጊዜው ያድሳል፤ በመዝገቡ ውስጥ ያለ ድራይቨር፣ ስምምነቱን የለወጠው ሰው ራሱ አብሮ ያስተካክለዋል፤ በውጭ ያለውን ግን የሚያስታውሰው የለም። በዚህ ምክንያት ዛሬ የሚሠራ ካርድ በሚቀጥለው የከርነል እድሳት ይቆማል። ዴል ኩባንያ የጀመረው ዲኬኤምኤስ የተባለው መሣሪያ፣ ከርነሉ በታደሰ ቍጥር የውጭውን ድራይቨር በራሱ ጊዜ እንደገና እየሠራ ይህን ቁስል ያስታግሳል፤ አያድንም፤ ምክንያቱም ስምምነቱ ከተለወጠ የቀድሞው ኮድ አይገጥምም። ሴኪዩር ቡት የተባለው የአነሣስ ጥበቃ የበራበት ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ፣ ከርነሉ ማኅተም የሌለበትን ድራይቨር አልቀበልም ይላልና፣ ባለቤቱ የራሱን የማኅተም ቍልፍ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ማስመዝገብ ይኖርበታል፤ ድራይቨሩን በትክክል ጭኖ ሳለ አልሠራ ያለው ሰው፣ ብዙ ጊዜ የጐደለው ይህ አንድ ነገር ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ የአምራቹ ስምና የሞዴሉ ቍጥር የቺፑን ማንነት አይናገሩም። ቲፒሊንክ ቲኤልደብሊውኤን722ኤን ብሎ የሸጠው ካርድ በመጀመሪያው እትሙ የአቴሮስ ቺፕ ነበረበት፤ በሊኑክስ ሰዎች ዘንድ ስሙ የተመሰገነው በዚያ ነው፤ ሁለተኛው እትም ግን ስሙንና መልኩን እንደ ያዘ የሪልቴክ ቺፕ ተደረገበት። ምስጋናውን ሰምቶ የገዛ ሰው ሌላ ዕቃ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የሪልቴክም ይዞታ እየተሻሻለ መጥቷል፤ በ2019 በ5.2 ከርነል የገባው አርቲደብሊው88 በማክ80211 ላይ የተሠራ ነው፤ በየካቲት 2023 በወጣው 6.2 ከርነል ደግሞ የዩኤስቢ ካርዶችን ማሠራት ጀምሯል። የሚዲያቴክ ካርዶችም፣ የኦፕንደብሊውአርቲ ሰው የሆነው ፌሊክስ ፊትካው በጻፈው ኤምቲ76 ድራይቨር በከርነሉ ውስጥ ይደገፋሉ።

ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ ከተገኘ በኋላ የቀረው የፈርምዌሩ ነገር ነው፤ በዚህም ላይ ማኅበረሰቡ በአሳብ ተከፍሏል። ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ምንጩ ያልተገለጠ ፈርምዌር ሁሉ ከነጻው ሥርዓት ሊወጣ ይገባል ይላል። ከሊኑክስ ሥርጭቶች አንዱ የሆነው ዴቢያንም በየካቲት 2011 በወጣው 6.0 እትሙ ዝጉን ፈርምዌር ከከርነሉ ለይቶ፣ ነጻ ያልሆኑ ፕሮግራሞች በሚቀመጡበት ክፍል አኖረው። አቋሙ የክብር አቋም ነበር፤ ፍሬው ግን መራራ ሆነ፤ በላፕቶፑ ላይ ዴቢያንን ሊጭን የተነሣ ሰው፣ የዋይፋዩን ፈርምዌር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል፣ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ደግሞ ዋይፋዩ ያስፈልገዋል፤ ቍልፉ በተቈለፈው ቤት ውስጥ ቀረ። የገመድ መሰኪያ የሌላቸው ቀጫጭን ላፕቶፖች ሲበዙ ነገሩ የማይቻል ሆነ። የዴቢያን አባላት በ2022 ድምፅ ሰጥተው ፈርምዌሩ በይፋው መጫኛ ውስጥ እንዲካተት ወሰኑ፤ በሰኔ 2023 የወጣው 12ኛው እትም በዚሁ ሕግ ወጣ። እኔ ውሳኔውን የምደግፍ ነኝ፤ ካርዱን አስቀድሞ የገዛ ድኻ ተማሪ፣ ኩባንያው ላጠፋው ጥፋት ቅጣት ተቀባይ ሊሆን አይገባውምና።

ይህ ችግር በእኛ አገር ልዩ ክብደት አለው፤ ብዙው ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በሞባይል ነውና። መድኃኒቱም ከዚያው ከሞባይሉ ይገኛል፤ አንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቶ ዳታውን እንዲያካፍል ማዘዝ ይበቃል፤ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ገመድ ኔትዎርክ ቈጥሮ፣ ምንም ድራይቨር ሳይጫንለት ይቀበለዋል፤ የጐደለው ፈርምዌር በዚያ መንገድ ይወርዳል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛም ሰው፣ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት እንደ ኡቡንቱ ወይም ሚንት ያለ የሊኑክስ ሥርጭት የተጻፈበትን ፍላሽ ሰክቶ፣ ሳይጭን በቀጥታ ከፍላሹ አስነሥቶ ዋይፋዩን ይሞክር፤ በጥቂት ደቂቃ የሚደረግ ምርመራ ነው፤ የሻጩን ቃል ከመታመን ይሻላል።

ምርመራው ካልተሳካ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማንነት ነው። በውስጥ የተሰካውን ካርድ ኤልኤስፒሲአይ፣ በዩኤስቢ የተሰካውን ኤልኤስዩኤስቢ የሚባለው ትእዛዝ ይገልጠዋል፤ እያንዳንዱ ዕቃ የአምራቹንና የራሱን መለያ ቍጥር ይዟል፤ የኢንቴል ለምሳሌ 8086 ነው፤ እውነተኛው ስሙ ይህ ቍጥር እንጂ በካርቶኑ ላይ የታተመው አይደለም። ቀጥሎ ከርነሉ ስለ ሥራው የሚጽፈውን ማስታወሻ ማንበብ ነው፤ ፈርምዌር ቢጐድል ከርነሉ የፈለገውን ፋይል ስም ጠርቶ አጣሁት ብሎ ይጽፋል፤ ብዙዎች የሚያልፉት መስመር ይህ ነው። ድራይቨሩም ፈርምዌሩም ሳሉ ዝም ካለ፣ አርኤፍኪል በሚባለው ትእዛዝ ሬዲዮው የተዘጋ መሆን አለመሆኑን ማየት ይገባል፤ መዝጊያው ሁለት ዓይነት ነው፤ በሶፍትዌር የተዘጋው በትእዛዝ ይከፈታል፣ በላፕቶፑ ማብሪያና ማጥፊያ የተዘጋውን ግን ጣት እንጂ ትእዛዝ አይከፍተውም።

የሬዲዮውም ሕግ አንዳንዴ ራሱ ምክንያት ይሆናል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ አሜሪካ የምትፈቅደው ከ1 እስከ 11 ያሉትን ቻነሎች ነው፤ አውሮፓ እስከ 13 ትፈቅዳለች። ሊኑክስ የየመንግሥታቱን ሕግ የያዘ አንድ የጋራ መዝገብ አለው፤ ኢትዮጵያም በዚህ መዝገብ የራሷ አንቀጽ አላት። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ላፕቶፕ በአሜሪካ ሕግ ተይዞ ከሆነ፣ በቻነል 12 ወይም 13 ላይ ያለውን አክሰስ ፖይንት ስልኩ እያየው እርሱ አያየውም፤ ባለቤቱም ካርዱ ተበላሸ ይላል። የአገሩን ስያሜ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ኢንቴልን የመሰሉ አንዳንድ ካርዶች ግን ሕጉን በፈርምዌራቸው ራሳቸው ስለሚወስኑ ከውጭ የሚነገራቸውን አይሰሙም፤ ለእነርሱ የሚበጀው የራውተሩን ቻነል ከ11 ያልበለጠ ማድረግ ነው።

ካርዱን መለወጥ የመጨረሻው መፍትሔ ነው፤ ከመለወጥ በፊት ግን ሁለት ነገር ይመረመር። የቀድሞዎቹ ቲንክፓድ ላፕቶፖች በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ካርድ ሲገባባቸው 1802 የሚል ስሕተት አሳይተው አልነሣም ይሉ ነበር። ከኢንቴል አዳዲሶቹ ካርዶች መካከልም ኤኤክስ201ና ኤኤክስ211 ግማሽ ሥራቸውን ለኢንቴል ፕሮሰሰር የተዉ በመሆናቸው በሌላ ኮምፒዩተር አይሠሩም፤ ኤኤክስ200ና ኤኤክስ210 ግን ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። በአንድ ቍጥር ልዩነት ገንዘብ የሚጠፋበት ቦታ ነው።

የፈርምዌሩ መዘጋት ግን በመጫኑ ቀላልነት የሚረሳ ጉዳይ አይደለም፤ በ2017 የሆኑት ሁለት ነገሮች ይህን አስረድተዋል። በጥቅምት ወር ማቲ ቫንሁፍ የተባለው ቤልጂጋዊ ተመራማሪ ደብሊውፒኤ2 በተባለው የዋይፋይ ምሥጢር ደንብ የቍልፍ ልውውጥ ላይ ክራክ የተባለውን ነቀዝ ገለጠ፤ ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንትም ክፉኛ ከተጠቁት አንዱ ነበር፤ ምንጩ ክፍት ስለ ነበር ግን ዴቢያንና ኡቡንቱ እርማቱን ነገሩ በተገለጠበት ቀን አደሉ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በብሮድኮም ቺፖች ፈርምዌር ውስጥ ብሮድፐን የተባለው ነቀዝ ተገኝቶ ነበር፤ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ፣ በዋይፋይ ርቀት ያለ ሰው ቺፑን ሊይዝበት ይችላል፤ እጅግ ብዙ የአንድሮይድና የአፕል ስልኮች ተጋለጡ። ይህን ከኩባንያው በቀር ሊያርም የሚችል አልነበረም፤ አምራቹ የረሳው የቈየ ስልክ ባለቤት የሚያደርገው ነገር አልነበረውም።

ክፍት ፈርምዌር የማይቻል ነገር እንዳልሆነም ታይቷል። በኢጣሊያ የብሬሻ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2009 ለአንዳንድ የብሮድኮም ቺፖች ከባዶ የተጻፈ ፈርምዌር አወጡ። በ2013 አቴሮስ፣ ያን ጊዜ ኳልኮም አቴሮስ ይባል የነበረው፣ በዚያ በመጀመሪያው የቲፒሊንክ እትም ውስጥ ያለውን ቺፕ ጨምሮ፣ የዩኤስቢ ካርዶቹን ፈርምዌር ከነምንጩ ሰጠ፤ ያ ቺፕ የ802.11ኤን ትውልድ ሲሆን ከ150 ሜጋቢት በላይ አይሄድም። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በቤልጂግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦፕንዋይፋይ በሚል ስም፣ ቺፑን ራሱን፣ የውስጥ ንድፉ እንደገና ሊለወጥ በሚችል ኤፍፒጂኤ በተባለ ቺፕ ላይ፣ ከነንድፉ ገልጠው እየሠሩ ነው፤ ድራይቨሩም የሚያያዘው ከዚያው ከማክ80211 ጋር ነው። ዕቃው ውድ ስለ ሆነ ለጊዜው በቤተ ሙከራ ተወስኗል፤ ንድፉ ግን ማንም አውርዶ ሊያነበው፣ ሊያርመውና ሊሠራበት በሚችል ቦታ ተቀምጧል።